ማስተማር የጀመረውን ወጣት ሐኪም ማን ይደግፈው? (የውይይት ክር ከነመልሶቹ)

የመነሻው ጽሑፍ

ኢንተርንነቱን (የሕክምና ትምህርቱን የመጨረሻ የሆስፒታል ልምምድ) በጥሩ ውጤት የጨረሰ ወጣት ሐኪም በዩኒቨርሲቲ በሌክቸረርነት ይቀጠራል። ትናንት አብረውት ሌሊት ተረኛ ያደሩትን ልጆች ዛሬ ራውንድ ላይ (በሽተኞችን አልጋ በአልጋ እየዞሩ ሲያዩ) ይጠይቃል፣ ይፈትናል፣ ውጤት ይሰጣል። በሽተኛ እንዴት እንደሚመረመር ለዓመታት ሲማር ኖሯል፤ ተማሪ እንዴት እንደሚማር ግን የነገረው የለም። ስፔሻሊቲውን ጨርሶ በረዳት ፕሮፌሰርነት የሚመለሰውም ቢሆን ዝግጅቱ ከዚህ ብዙ አይለይም። ሁለቱም የሚያስተምሩት እንደተማሩት ነው። ደግ መምህር የገጠመው ደግነቱን ይወርሳል፤ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ እየተዋረደ የተማረው ደግሞ ማዋረድን የማስተማር ሥርዓት አድርጎ ይቀጥላል።

እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪምና መምህር ነኝ። ጎበዝ ወጣቶች ማስተማሩን ገና ሳይለምዱት ሲተዉት አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛልም። የሚለቁት በደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ብቻቸውን ስለሆኑም ነው። ዋርድ ውስጥ የተበላሸባቸውን የማስተማር ሰዓት ለማን ይንገሩት? ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እንዳይነግሩ የሥራ አፈጻጸማቸውን ሞልቶ የሚፈርመው እሱ ነው። ለእኩያቸው እንዳይነግሩ ወሬው በማግስቱ ሻይ ቤት ይደርሳል።

ስለዚህ የማምንበትን ልናገር። ለእነዚህ ወጣቶች ሌላ የሦስት ቀን ሥልጠና ከማዘጋጀት በፊት ሁለት ነገር ያስፈልጋቸዋል። አንደኛው፣ ያስተማሩትን መለስ ብለው የሚመረምሩበት ቋሚ ልማድ ነው። ሁለተኛው፣ የመረመሩትን የሚያካፍሉት ከአለቆቻቸው ሰንሰለት ውጭ የሆነ፣ ቢቻል ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሆነ የሙያ ጓደኛ ነው። ሁለቱ ተነጣጥለው አይሠሩም ባይ ነኝ። ብቻውን ራሱን የሚመረምር ሰው ወይ ራሱን ይወቅሳል ወይ ራሱን ያጸድቃል፤ ሳይመረምር የሚሰበሰብ ደግሞ ስለ ደመወዝና ስለ ዝውውር አውርቶ ይለያያል።

በእናንተ ዘንድ ይህን የሞከረ አለ? ምን ሠራ? ምንስ ከሸፈ?

(ክሩ ስለረዘመና ዘግይተው የሚገቡት የቀደመውን ሳያነቡ ስለሚጽፉ፣ እስካሁን የመጡትን መልሶች በቅደም ተከተላቸው በራሴ አገላለጽ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። አስተያየቴንም በየቦታው ጨምሬያለሁ።)

1. የመጀመሪያው መልስ ከጎንደር ነው። ጸሐፊው በትሕትና ከተስማማ በኋላ ነገሩ ለአገራችን እንግዳ እንዳልሆነ ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲመሠረት ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በቡድን ተደራጅተው ወደ ጤና ጣቢያዎች ይወጡ ነበር። እሱ ከቀደምቶቹ እንደሰማው፣ ቀን የተሠራው ማታ በመምህራኑና በተማሪዎቹ መካከል ይነሣ ነበር። በኋላ የተማሪው ቁጥር ሲጨምር መምህሩ ከስላይድ ጀርባ ተደበቀ፤ ወጣቱ መምህርም የሚያየው አርአያ አጣ ይላል።

2. ሁለተኛው መልስ ሰጪ የትምህርት ኮሌጅ ሰው ነው፤ የእኔንም የ1ኛውንም ጽሑፍ ያርማል። እንደ እሱ አባባል እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማትና በዩኒቨርሲቲዎቻችን ሃየር ዲፕሎማ የሚባለው ፕሮግራም አለ። ዓመት የሚፈጀው ይህ ትምህርት ዋና ዓላማው መምህሩ የራሱን ሥራ መለስ ብሎ እንዲያይ ማድረግ ነው፤ የግል ማስታወሻ መያዝ፣ የባልደረባን ክፍል ገብቶ ማየት፣ የራስን ክፍል ችግር በተግባራዊ ምርምር ማጥናት ሁሉም በውስጡ አሉ። ሐኪሞች ግን ከሌላው መምህር የተለዩ እየመሰላቸው ይሸሹታል፤ ከዚያም ምንም የለም ብለው ይጽፋሉ ሲል በመጠኑ ቆጣ ብሎ ይደመድማል። ያነሣው እውነት ነው፤ የፕሮግራሙ ሐሳብ መልካም መሆኑንም አልክድም። ጥያቄው ሐኪሞቹ ለምን እንዳልተጠቀሙበት ነው።

3. ለዚህ የመለሰው ፕሮግራሙን ያጠናቀቀ የሕፃናት ሐኪም ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ እሱ ደግሞ ወይ ተመላላሽ ክፍል ነው ወይ ከተረኝነት ወጥቶ እንቅልፍ ያዳፋዋል። ምሳሌዎቹ ሁሉ ጠመኔ፣ ሰሌዳና ስልሳ ተማሪ የተቀመጠበት ክፍል ናቸው። የእሱ ክፍል ግን የሚያለቅስ ሕፃን፣ የተጨነቀች እናት፣ አልጋውን የከበቡ ስምንት ተማሪዎችና ኦክስጅኑ ያልቅ ይሆን የሚል ሥጋት ነው። የዓመቱን ማስታወሻ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ቁጭ ብሎ ፈጥሮ እንደሞላው፣ አብረውት የነበሩት አብዛኞቹም እንዲሁ እንዳደረጉ ይናገራል። ዲፕሎማውን አግኝቷል፤ ማስታወሻውን ግን ከዚያ ወዲህ ገልጦት አያውቅም።

4. አንዲት የሚድዋይፈሪ መምህርት በአጭሩ ገብታ፣ ክሩ ለምን ስለ ሐኪም ብቻ እንደሚያወራ ጠየቀች። የማዋለጃ ክፍል ውስጥ የሕክምና ተማሪውን እጅ ይዛ የምታስተምረው እሷ ናት፤ የማደንዘዣ፣ የነርሲንግና የላቦራቶሪ መምህራንም እንዲሁ። በዚያ ሰዓት ማንም አልመለሰላትም።

5. ከዚያ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩ አንድ የቀዶ ሕክምና መምህር መጡና ክሩ ሞቀ። እርሳቸው እንደሚሉት የእርሳቸው ትውልድ ይህ ሁሉ ሳይኖር ተምሮ ሰው ሆኗል። ትምህርቱን የሚያውቅ ያስተምራል፤ የማያውቅ ማስታወሻ ቢጽፍ አይረዳውም። ወጣቱ መምህር ትርፍ ሰዓት ካለው ማንበብ ወይም ቀዶ ሕክምና ክፍል መግባት ይሻለዋል። የዛሬ ተማሪና የዛሬ መምህር ቶሎ ይከፋቸዋል የሚል ነገርም ጨምረዋል።

6. ለእርሳቸው የመለሰችው አንዲት ወጣት የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ናት። አክብራ በአንቱታ ጀምራ፣ ያልተነካ ግልግል ያውቃል በሚለው ተረት ቆንጠጥ አድርጋቸዋለች። ከመላው ክር በጣም የነካኝ የእሷ ታሪክ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ አቀርበዋለሁ።

ማስተማር በጀመረችበት ዓመት አንዲት ኢንተርን ራውንድ ላይ የደም ግፊት ልኬቱን በትክክል ሳትይዝ ቀረበች። መምህርቷ በበሽተኛዋ ፊት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ገሠጸቻት። ልጅቷ ዝም አለች፤ ራውንዱም ቀጠለ። በማግስቱ ጠዋት ያቺው በሽተኛ፣ ከሩቅ ገጠር የመጡ ትልቅ ሴት፣ ከልጅቷ ጋር ታርቃ እንደሆነ ጠየቋት። ምን እንደምትመልስላቸው ጠፋት። ያን ዕለት ማታ የሆነውን ሁሉ በደብተሯ ጻፈች፤ የምትነግረው ሰው ግን አልነበራትም። ከወራት በኋላ ለሌላ ነገር ደብተሩን ስትገልጥ አነበበችው። ያስቆጣት የኢንተርኗ ስሕተት እንዳልነበረ ያን ጊዜ ታያት። ከኋላዋ የቆሙት ሲኒየር ሐኪም ቀጥለው እሷን እንዳይጠይቋት፣ እሷም ሳትመልስ እንዳትቀር ፈርታ ነበር። ፍርሃቷን ለልጅቷ አስተላልፋዋለች።

ይህን ለመረዳት ወራት መፍጀቱ ነው የሚቆጫት። በዚያው ሳምንት አንድ የሚያዳምጣት ሰው ቢኖር፣ ጥያቄ ቢጠይቃት፣ በቀናት ውስጥ በደረሰችበት ነበር። ያን ጊዜም ኢንተርኗ ገና እዚያው ዋርድ ነበረች። ደብተር ብቻውን ምን ያህል እንደሚሄድና የት ላይ እንደሚቆም ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

7. የቀዶ ሕክምና መምህሩ ተመልሰው ታሪኩ እንደነካቸው በአጭሩ ተናገሩ። ትርፍ ሰዓት በምን ላይ ይዋል በሚለው ላይ ግን ንቅንቅ አላሉም።

8. ከእንግሊዝ አገር የጻፈ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሁላችንንም አስጠነቀቀ። በዚያ አገር ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም ስለ ሥራው የሚመረምረውን በኤሌክትሮኒክ መዝገብ መጻፍ ግዴታው ነው። ዶክተር ሐዲዛ ባዋ ጋርባ ስለ አንድ ሕፃን ሞት የጻፈችው ማስታወሻ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዳስፈረደባት፣ እሱም ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ነገር መጻፍ እንዳቆመ ተናገረ። ለኢትዮጵያ ወጣቶች የሚመክረው ምንም ነገር በወረቀት እንዳያሰፍሩ ነው።

9. እዚያው የምትሠራ ሌላ ሐኪም እርማት ይዛ መጣች፤ እርማቷ ጠቃሚ ነው። የስድስት ዓመቱ ልጅ በሌስተር ሆስፒታል የሞተው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሐኪሟ በ2015 በከባድ ቸልተኝነት በተፈጸመ የሰው መግደል ወንጀል ተፈረደባት። የሐኪሞች ችሎት በእገዳ ሊያልፋት ሲል፣ የአገሪቱ የሐኪሞች ተቆጣጣሪ ምክር ቤት ጉዳዩን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወስዶ በጥር 2018 ከመዝገብ አሰረዛት፤ በነሐሴ ወር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስረዛውን ሽሮ ወደ እገዳው መለሰው። በመዝገቧ የጻፈችው ማስታወሻ ግን ለዳኞቹ በማስረጃነት እንዳልቀረበ የተከላከለላት ድርጅት አስታውቋል። ሆኖም ወሬው ከእውነቱ ቀድሞ ስለሮጠ የብዙ ወጣት ሐኪሞች ብዕር ደርቋል። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት መስከረም ከሌሎች ተቋማት ጋር መመሪያ አውጥቶ፣ ቅሬታ ለማጣራት ሲል የሐኪምን ማስታወሻ እንደማይጠይቅ አረጋግጧል። ፍርድ ቤት ግን ማዘዝ ይችላል። ስለዚህ የ8ኛው ፍርሃት መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ዝርዝሩ ነው የተሳሳተው ትላለች።

10. ቀጣዩ መልስ ከአዲስ አበባ ነው፤ ከሁሉም የመረረው እሱ ነው። ለዚህ ፍርሃት እንግሊዝ አገር ድረስ መሄድ አያስፈልግም ይላል፤ እኛ ግምገማን እናውቀዋለን። ሰው በባልደረቦቹ መካከል ተነሥቶ ድክመቱን እንዲዘረዝር የሚደረግበትን ስብሰባ ተቀምጦበታል። አንድ ባልደረባው ለተማሪዎች በቂ ጊዜ እንዳልሰጠ በቅን ልቦና ተናገረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የዕድገት ማመልከቻው ሲታይ ያው ቃል ከቃለ ጉባኤ ተነቦ ተመለሰበት። እንግዲህ ለወጣቱ ሌክቸረር ድክመትህን ጻፍ ሲባል ማን ያምናችኋል? ስሙን ቀይራችሁ ያንኑ ነው የምታመጡት። ይህን ጽሑፍ የደገፉት ብዙዎች ናቸው።

11. ለዚህ ራሴ መልስ ሰጥቻለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ካልተመለሰ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ግምገማን ግምገማ የሚያደርገው ሰው ስለ ራሱ መናገሩ አይደለም። ሰሚው ሥልጣን ያለው መሆኑ፣ ቃሉ መመዝገቡና የተናጋሪው ፈቃድ አለመጠየቁ ነው። እኔ የምለው የእነዚህ ሦስቱ ተቃራኒ ነው። የማስበው የሙያ ጓደኞቹ የሚገናኙበትን ትንሽ ክበብ ነው፤ በክበቡ ውስጥ የማንም አለቃ አይቀመጥም፤ ከተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ይሁኑ ያልኩትም ለዚህ ነው። ደብተሩ የባለቤቱ ነው፤ ማንም አይሰበስበውም፣ ማንም አያርመውም፣ ነጥብም አይሰጠውም። ወደ ክበቡ የሚመጣው ባለቤቱ መርጦ በቃሉ የሚያቀርበው ብቻ ነው፤ ቃለ ጉባኤም አይያዝም። የበሽተኛ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የተማሪም ስም አይጻፍም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ማወቅ የሚገባው መምህሩ በክበብ ውስጥ መሆኑን ብቻ ነው። ይህ የማይከበርበት ቦታ ወጣቱ ባይጽፍ አልፈርድበትም።

12. ከጅማ የጻፈች የኅብረተሰብ ጤና መምህርት ውይይቱን ወደ ሙያ ጓደኞች ትስስር መለሰችው። ጅማ እ.ኤ.አ. በ1983 የጤና ሳይንስ ተቋም ሆኖ ሲቋቋም ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መሠረቱ አድርጓል፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከየሙያው ተውጣጥተው በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ። የሚቆጣጠሯቸው መምህራንም ከተለያየ ትምህርት ክፍል ናቸው። በዕድሜዋ ያገኘቻቸው ምርጥ የሙያ ጓደኞች ጤና ጣቢያው ባለበት ትንሽ ከተማ ውስጥ አብረዋት የቆዩት ናቸው፤ አንዱ የጥርስ ሐኪም፣ አንዷ የላቦራቶሪ ባለሙያ። ትስስር በሆቴል አዳራሽ አይፈጠርም፣ አብሮ ከመሥራት ይፈጠራል ትላለች። በዓመታዊ ጉባኤ ላይ ከተዋወቀቻቸው ሰዎች መካከል ደውላ ምክር የጠየቀችው አንድም የለም።

13. ይህኛው አጭርና ሻካራ ነው። ሰው ወደ ስብሰባ የሚመጣው ለአበልና ለተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ነጥብ ነው ይላል። ፈቃድ ለማሳደስ በዓመት 30 ነጥብ ይጠየቃል፤ ክበባችሁ ነጥብ ካለው ይሞላል፣ ከሌለው በሁለተኛው ወር ባዶ ይሆናል።

14. አንድ የፋርማኮሎጂ መምህር 13ኛውንና 10ኛውን አገናኘ፤ ማለፊያ አስተያየት ነው። ነጥብ ከተሰጠ የመገኛ ቅጽ ይኖራል፤ ቅጽ ካለ ሪፖርት ይኖራል፤ ሪፖርት ካለ አንድ ቀን አንድ አለቃ ምን ተወራ ብሎ ይጠይቃል። ነጥቡ የሚያመጣውን ሰው ሪፖርቱ ያባርረዋል። ስለዚህ ነጥብ ይሰጥ ከተባለ ለመገኘት ብቻ ይሁን፤ ይዘቱ አይጠየቅ።

15–18. እዚህ ላይ ክሩ መንገዱን ሳተ። 15ኛው ስለ ሙያ ፈቃድ ፈተና አነሣ፤ ተማሪዎች በሽተኛ ትተው የፈተና ጥያቄ ስብስብ ብቻ ያጠናሉ አለ። 16ኛው የአናቶሚ ማስተማሪያ አስከሬን እጥረትን ጨመረ። 17ኛው ችግሩ ሁሉ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2012 በ13 ተቋማት የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም፣ በሌላ የሳይንስ ዘርፍ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ ነው ብሎ ጻፈ። 18ኛው፣ የዚያው ፕሮግራም ምሩቅ፣ ተቆጥቶ መለሰለት፤ ጥቂት የማይገቡ ቃላትም ተወራወሩ። ሁለቱንም በግል ጽፌላቸው ቃላቱን አንሥተዋል፤ አመሰግናለሁ። ሐኪም በተማረበት ግቢ አይመዘንም።

19. ከዚያው ጭቅጭቅ ግን ጥሩ ነገር ወጣ። በእነዚያ 13 ተቋማት በአንዱ ማስተማር የጀመረ ሰው ፊዚዮሎጂን ለብቻው ይዞ እንደነበር ነገረን። በትምህርት ክፍሉ ከእሱ ሌላ መምህር የለም፤ ኃላፊውም መምህሩም ፈታኙም እሱ ነው። የፈተና ጥያቄ አውጥቶ ከብዶ እንደሆነ ወይም ቀሎ እንደሆነ የሚያሳየው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ የቀድሞ መምህሩ ዘንድ ደወለ፤ እኒያ ሰው በየሳምንቱ በስልክ ጥያቄዎቹን እየሰሙ ያርሙለት ጀመር። ባይደውል ኖሮ ማስተማሩን ይተው ነበር። ወጣት መምህር አማካሪ የሚያገኘው ለመደወል ስለደፈረ ብቻ መሆን የለበትም ይላል። ያልደፈሩትን ማን ቆጠራቸው?

20. አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም የዘርፉን ልምድ አካፈሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ሲጀመር ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ለአንድ ወር ያህል እየመጡ ከአገር ውስጥ መምህራን ጋር ያስተምሩ ነበር። ምሩቃኑ በተራቸው መምህራን ሆኑ። ለእርሳቸው ትልቁ ትምህርት ከንግግሮቹ አልመጣም። አንዲት እንግዳ መምህር እርሳቸው ለታናናሾቻቸው ሲያስተምሩ ከኋላ ተቀምጣ ከተመለከተች በኋላ፣ ምንም ሳትፈርድ፣ ያን ሰዓት እንደገና ቢያገኙት ምን እንደሚለውጡ ጠየቀቻቸው። ዛሬ ሬዚደንቶቻቸውን (ስፔሻሊቲ የሚማሩ ሐኪሞችን) የሚጠይቁት ያንኑ ነው። ማስጠንቀቂያቸው ደግሞ ከውጭ በሚመጣ ሰው ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ትስስር አውሮፕላኑ ሲነሣ አብሮ እንዳይሄድ የሚል ነው።

21. በአፍሪካ ደረጃ የሚሰጠውን የፋይመር የሕክምና ትምህርት ፌሎሺፕ በደቡብ አፍሪካ የተከታተለች መምህርት ቀጠለች። ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ተሳታፊው ከራሱ ተቋም አንድ የትምህርት ችግር በፕሮጀክት መልክ ይዞ ይሄዳል፣ ተገናኝቶ ይመለሳል፣ በኢንተርኔት ይቀጥላል፣ እንደገና ይገናኛል። እሷ የተረዳችው ሰዎችን አብሮ የሚያቆያቸው ወዳጅነት ብቻ እንዳልሆነ ነው፤ በእጃቸው የያዙት ሥራ ነው። ሥራ የሌለው የቴሌግራም ቡድን በወሩ የበዓል መልካም ምኞት መለዋወጫ ይሆናል። ከ12ኛው ጋር አንድ ነገር እንደሚሉ ልብ ይሏል።

22. ቴሌግራም ሲነሣ አንድ ሰው ወዲያው ቡድን ከፍቶ መግቢያውን ለጠፈ፤ በማግስቱ የሥራ ማስታወቂያና የመጽሐፍ ሽያጭ ሞላበት። ይህን ያየ አንድ የአጥንት ሐኪም የሰጠው ሐሳብ ተግባራዊ ነው። ቁጥሩ ከስድስት አይብለጥ፤ እንደ ዕቁብ ዙር ይኑረው። በየወሩ የአንድ ሰው ተራ ይሆናል፤ የዚያ ወር ጊዜ በሙሉ የባለተራው ነው፤ ሌሎቹ ይጠይቁታል እንጂ አይመክሩትም፣ ምክር ካልጠየቀ በቀር። ዙሩ ሲያልቅ የፈለገ ይወጣል፣ የፈለገ ይቀጥላል። ጠያቂና ተጠያቂ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ስለማይሆን የ10ኛውንም ሥጋት ይቀንሰዋል።

23. እስካሁን ሲያነብ የቆየ ሌክቸረር በመጨረሻ ጥያቄውን አቀረበ። ሥራ ከጀመረ ገና ወራት ነው። ራስህን መርምር ሲባል ምን ብሎ እንደሚጽፍ አያውቅም። ያለፈው ማክሰኞ ያስተማረው ሰዓት ደህና አልነበረም፤ ለምን እንዳልነበረ ግን አልገባውም።

24. ለእሱ ብዙዎች መለሱ። አንዱ የትምህርት ተመራማሪው ግራሃም ጊብስ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረበውን ራስን የመመርመሪያ ስድስት እርከን ዘረዘረለት፦ የሆነውን መግለጽ፣ የተሰማን ስሜት፣ ደጉንና ክፉውን መለየት፣ ምክንያቱን መተንተን፣ መደምደሚያ፣ ለወደፊት ዕቅድ። የ3ኛው የሕፃናት ሐኪም ተመልሶ፣ ስድስት እርከን ከተረኝነት ለወጣ ሰው ሌላ የሚሞላ ቅጽ ይሆንበታል ሲል ተከራከረ፤ ሦስት ጥያቄ ይበቃዋል፦ ምን ሆነ፣ ምን ትርጉም አለው፣ ቀጥሎ ምን ላድርግ። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ለማክሰኞው ሰዓት ደግሞ እንዲህ ብዬዋለሁ፦ መጀመሪያ ፍርድ የሌለበት ነገር ብቻ ጻፍ። ስንት ተማሪ ነበር? ማን ተናገረ? ጥያቄ ጠይቀህ መልሱን ራስህ እስክትመልሰው ስንት ሰከንድ ጠበቅህ? ብዙ ጀማሪ መምህር ዝምታን መታገስ አይችልም፤ ጥያቄ ይጠይቅና ተማሪው ሳያስብ መልሱን ራሱ ይሰጣል። ሰዓቱን ለካውና በሚቀጥለው ጊዜ ቆይ። የተለየ ምክንያት ካገኘህ ደግሞ እኛም እንማርበታለን።

በማግስቱ ልጁ ጽፎልን ነበር። የማክሰኞውን ሰዓት ወደኋላ ሲያስበው አንድ ተማሪ ብቻ ሁሉንም ጥያቄ ሲመልስለት እንደነበር አስታወሰ፤ እሱም ትምህርቱ የገባቸው መስሎት ሄዷል። የቀሩት ሰባቱ ምን እንደተረዱ አያውቅም። በሚቀጥለው ሳምንት ጥያቄ ሲጠይቅ መጀመሪያ ሁሉም ለየራሳቸው መልሳቸውን እንዲጽፉ ሊያደርግ አስቧል። ከስንት ቀን ሥልጠና የማይገኘውን በአንድ ማታ አገኘው፤ ደስ ብሎኛል።

25. የቀዶ ሕክምና መምህሩ ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሱ። አሁን የማስተማር ጥበብ መማር ይቻላል አይቻልም የሚለውን ትተው አንድ ተግባራዊ ነገር ጠየቁ። ስድስቱ ወጣቶች በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ሲገናኙ ዋርዱን ማን ይይዘዋል? ሁለት ቀዶ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል አንዱ ሲወጣ ሌላው ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ለዚህ መልስ ካመጣን የእርሳቸውን ክፍል ልጆች እንደሚለቁ ቃል ገብተዋል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከመልሶቹ አንዱ ስብሰባው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በስልክ ይሁን ይላል፤ እኔ አልስማማም። ሥራውን በዕረፍት ሰዓታቸው እንዲያደርጉት ከጠየቅናቸው ሥራ አይደለም ማለታችን ነው፤ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው እናቶችም ቀድመው የሚቀሩት በዚህ ነው። ሰዓቱ እንደ ራውንድ በትምህርት ክፍሉ ሳምንታዊ ፕሮግራም ላይ መጻፍ አለበት።

26. የሚድዋይፈሪ መምህርቷ ተመልሳ፣ በ4 ቁጥር የጠየቀችውን እስካሁን ማንም እንዳልመለሰላት አስታወሰችን። ልክ ናት። የእኔ መልስ ክበቦቹ የተቀላቀሉ ይሁኑ የሚል ነው። የ12ኛዋን ተሞክሮ ያነበበ ሰው ይህን ለመቃወም የሚያቀርበው ምክንያት አይታየኝም፤ ለሐኪሙ መምህር ከሌላ ሙያ የመጣ ጠያቂ አለቃው ሊሆን ስለማይችል ፍርሃቱም ይቀላል። አንድ ሰው ግን ነርሷ በሐኪሙ ፊት፣ ሐኪሙም በነርሷ ፊት ድክመቱን አይናገርም ሲል ተቃውሟል። እሷም መለሰችለት፦ ድክመታችሁን እኛ አስቀድመን እናውቀዋለን፤ አዲስ የሚሆንባችሁ እናንተ ስትናገሩት መስማት ብቻ ነው።

እስካሁን በግል መልእክት ከጎንደር፣ ከጅማ፣ ከሐዋሳና ከአዲስ አበባ ፈቃደኞች ጽፈውልኛል፤ ሚድዋይፏና የፊዚዮሎጂው መምህር ከመካከላቸው ናቸው። የመጀመሪያው ተራ የ23ኛው ሌክቸረር ነው፤ ራሱ ጠይቆ ወስዶታል። የ25ኛው ጥያቄ ግን ገና ክፍት ነው። በሆስፒታላችሁ ለመምህራን የተጠበቀ ሰዓት አስፈቅዳችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ዋርዱን ማን እንደያዘ፣ ኃላፊውን እንዴት እንዳሳመናችሁና ምን ያህል እንደቆየ ከዚህ በታች ጻፉልን።